እየሠራ አይደለም፣ እየጠበቀ ነው

ባለፈው ሴሚስተር ለሬዲዮ ኮርስ የ12 ደቂቃ ዝግጅት ሠርቼ ነበር። ማስረከቢያው ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሦስተኛውን ቃለ መጠይቅ ከፍቼ ከሥሩ የገበያ ድምፅ ላስገባ ስል ኮምፒውተሩ ስታክ አደረገ። ማውሱን ባንቀሳቅሰው ቀስቷ ንቅንቅ አትልም። ከሳጥኑ ውስጥ ግን ድምፅ ይሰማል፤ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው የተቀመጠበት ይመስላል። የላቡን ቴክኒሻን ጠራኋቸውና "ጋሼ፣ ሥራ በዝቶበት መሰለኝ፣ ይስሙት እንዴት እንደሚለፋ" አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አዳመጡና "እየሠራ አይደለም የኔ ልጅ፣ እየጠበቀ ነው" አሉኝ።

ዝግጅቱን በሰዓቱ አላስረከብኩም። የሰውየው አነጋገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ፕሮሰሰሩ 3 ጊጋኸርዝ መሆኑን ይናገራል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሦስት ቢሊዮን ጊዜ ይመታል ማለት ነው። እንዲህ የሚሮጥ ነገር ማንን ነው የሚጠብቀው? የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የሆነ ጓደኛዬን ጠየቅሁ፤ እሱ ያዋሰኝን አነበብኩ፤ ያልገባኝን ደግሜ ጠየቅሁ። አጭሩ መልስ "ሚሞሪን ነው የሚጠብቀው" የሚል ነው። ረጅሙ ግን ካሰብኩት በላይ ጣፋጭ ሆኖ ስላገኘሁት ለቡለቲናችን አንባብያን ላካፍል ወደድኩ።

አስቀድሞ ስለ ጊዜው። በዚህ ሙያ ሰዎች የሚነጋገሩት በናኖሰከንድ ነው፤ ይህም የአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ እስከ አድሚራልነት የደረሱት የኮምፒውተር ሊቅ ግሬስ ሆፐር ንግግር ሲያደርጉ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ ሽቦዎች ለታዳሚው ያድሉ ነበር። ሽቦው አንድ ናኖሰከንድ ነው፤ ብርሃን በዚያ ጊዜ ውስጥ ከዚያ ርቆ መሄድ አይችልም። የእኔ ባለ 3 ጊጋኸርዝ ኮምፒውተር አንድ ጊዜ ሲመታ ብርሃን የሚጓዘው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በሽቦ የሚሄድ ምልክት ደግሞ ከዚህም ያንሳል። እንግዲህ ርቀት ራሱ መዘግየት ነው፤ ራቅ ያለ ነገር ምንም ቢደረግ ቶሎ አይደርስም።

ናኖሰከንድን በሆዱ የሚይዝ ሰው ስለሌለ እስቲ ጊዜውን እንለጥጠው። አንድ ናኖሰከንድ አንድ ሰከንድ ቢሆን ኖሮ፣ ፕሮሰሰሩ ከራሱ ጉያ ካለችው ትንሿ ማስቀመጫ የፈለገውን ለማግኘት አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት ነው። ራም ከምንለው ዋናው ሚሞሪ ለማምጣት ግን አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይጠብቃል። ኤስኤስዲ ከሚባለው የዘመኑ ማከማቻ ለማምጣት ከአንድ ቀን በላይ ይሄዳል። ከሃርድ ዲስክ ለማምጣትስ? ወደ አራት ወር! አንድ ሙሉ ሴሚስተር ማለት ነው። የእኔ ኮምፒውተር ውስጥ ቆሎ ሲቆረጥም የነበረው ያ ሃርድ ዲስክ ነበር።

ወደ እሱ ኋላ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የራሙ አንድ ደቂቃ ተኩል ከየት እንደመጣ እንይ፤ ምክንያቱም መሐንዲሶቹ ከስልሳ ዓመት በላይ ሲታገሉት የኖሩት እሱን ነው።

የእኔም የመጀመሪያ ጥያቄ "ታዲያ ሚሞሪውን ራሱን ለምን አያፈጥኑትም?" የሚል ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበት ራም መሠረቱ የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ እ.ኤ.አ. በ1966 ያፈለቁት ሐሳብ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኙበት በ1968 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዴናርድ ብልሃት ቁጠባ ነው። አንድ ቢት፣ ማለትም አንድ "አዎ" ወይም አንድ "አይደለም" ለመያዝ አንድ ትራንዚስተርና አንድ ካፓሲተር ብቻ ይበቃል አሉ። ካፓሲተሩን እንደ ሲኒ ቁጠሩት። ቡና ካለበት "አዎ"፣ ባዶ ከሆነ "አይደለም"። ሲኒዋ ከትንሽነቷ የተነሣ ሁለት መጥፎ ጠባይ አለባት። አንደኛ፣ ታፈሳለች፤ ስለዚህ በተለመደው አሠራር እያንዳንዷ ሲኒ በየ64 ሚሊሰከንዱ ተጎብኝታ እንደገና መሞላት አለባት። ሁለተኛ፣ ቡና እንዳለባት የሚታወቀው በመጠጣት ነው! ማንበብ ማለት ባዶ ማድረግ ነው፤ ተነብቦ ሲያበቃ መልሶ መቅዳት ግድ ይላል።

በዚያ ላይ ሲኒ በነጠላ አይነሣም፤ ሺዎች ከተደረደሩበት ረከቦት ጋር ነው። አንዲት ሲኒ ሲፈለግ መጀመሪያ ረከቦቱ በሞላው ወደ ጠረጴዛ ይወጣል፤ ቀጥሎ የተፈለገችው ትመረጣለች፤ ከሌላ ረከቦት ከተፈለገ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ያለው መጀመሪያ መመለስ አለበት። እያንዳንዱ እርምጃ ከ13 እስከ 17 ናኖሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ሌላው ጊዜ የሚያልቀው በመንገድና በወረፋ ነው። ሚሞሪውን የሚያዘው ክፍልም ይህንን ስለሚያውቅ ትእዛዞችን በመጡበት ተራ አያስተናግድም፤ ጠረጴዛ ላይ ካለው ረከቦት የሚፈልጉትን ቀድሞ ይጨርስና ነው ሌላ የሚያነሣው። ወረፋ የማያከብር አስተናጋጅ ነው፤ በጠቅላላው ሲታይ ግን ሁሉም ቶሎ ይስተናገዳል።

አሁን እኔን በጣም የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ ዲዲአር 400 የሚባል ሚሞሪ በአንድ መስመር በሰከንድ 400 ሚሊዮን ጊዜ መረጃ ያቀብል ነበር። በ2020 መደበኛ ደንቡ የወጣው ዲዲአር 5 ገና ሲጀምር 4,800 ሚሊዮን ጊዜ ያቀብላል። አሥራ ሁለት እጥፍ መሆኑ ነው። ረከቦቱ ከወጣ በኋላ የመጀመሪያዋ ሲኒ እስክትነሣ ያለው ጊዜስ? በመጀመሪያው 15 ናኖሰከንድ ነበር፤ በመካከል የመጣው ዲዲአር 4 በ3,200 ፍጥነቱ 13.75 ነበር፤ ዲዲአር 5 በ4,800 ፍጥነቱ 16.67 ሆነ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቆሞ ቀረ ማለት ይቻላል፤ እንዲያውም ትንሽ ብሶበታል።

ማስታወቂያ ላይ የምናየው ቁጥር የቱ እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። ከሜክሲኮ ወደ ስድስት ኪሎ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ተሳቢ ብንቀጥልበት በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ይወስዳል። እኔ ግን ለፈተና የምደርሰው በዚያው ሰዓት ነው። ብዙ መጫን ሌላ፣ ቶሎ መድረስ ሌላ። እኛ ጋዜጠኞች "ፈጣን" የሚል ቃል በሰማን ቁጥር የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ ብንጠይቅ ስንት ዜና በተስተካከለ! በ1995 ዊሊያም ዉልፍና ሳሊ ማኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ባወጡት አጭር ጽሑፍ ፕሮሰሰሩ እየፈጠነ ሚሞሪው እየቀረ ሲሄድ አንድ ቀን ግድግዳ እንደምንገጭ አስጠንቅቀው ነበር። "የሚሞሪ ግድግዳ" የሚለው አባባል ከእነሱ በኋላ የሙያው ቃል ሆኖ ቀረ።

ፈጣን ሚሞሪ ጨርሶ የለም ማለት ግን አይደለም። አንዱን ቢት በስድስት ትራንዚስተር የሚይዝ ሌላ ዓይነት አለ፤ አያፈስም፣ ሲነበብም አይጠፋም። ነገር ግን ቦታ ይበላል፣ ውድ ነው። ደግሞም ብዙ ከሆነ ይሰፋል፤ ከሰፋ ይርቃል፤ ከራቀ የግሬስ ሆፐር ሽቦ ይመጣል። ስለዚህ ሁሉንም ከእሱ መሥራት አይቻልም። የሚቻለው ጥቂት ሠርቶ ከፕሮሰሰሩ ጉያ ማስቀመጥ ነው። ጥያቄው ጥቂቷ ውስጥ ምን ይቀመጥ የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ለእኛ ተማሪዎች ማስረዳት ቀላል ነው። መጽሐፍት ቤት ገብተን መደርደሪያው ዘንድ መሄድ በማይፈቀድበት ቦታ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈን በመስኮት እንሰጣለን፤ ሠራተኛው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ እንጠብቃለን። ፈተና ሲደርስ ሁሉም የሚሻማባቸው መጻሕፍት ግን ሪዘርቭ ተብለው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። መደርደሪያው አልቀረበም፣ ሠራተኛውም መሮጥ አልጀመሩም። የሚፈለገውን ነገር አስቀድሞ ማወቅ ብቻ ነው ጊዜውን ያሳጠረው።

ይህንን ለኮምፒውተር አስበው በጽሑፍ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ የካምብሪጁ ሞሪስ ዊልክስ ናቸው። ዊልክስ መጠበቅን የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በ1949 ሥራ የጀመረው ኤድሳክ የተባለው ኮምፒውተራቸው ሚሞሪው በሜርኩሪ የተሞላ ቱቦ ሲሆን መረጃው በድምፅ ሞገድ መልክ በቱቦው ውስጥ ይዞር ነበር። አንድ ቁጥር ለማንበብ ቁጥሩ ዞሮ እስኪመጣ መቆም ነው፣ ልክ እንደ ታክሲ። በ1965 ባሳተሙት ሁለት ገጽ ገደማ ጽሑፍ ላይ ከትልቁና ከዘገምተኛው ሚሞሪ ፊት የቅርብ ጊዜ ንባቦችን የምትይዝ ትንሽና ፈጣን ሚሞሪ ይኑር አሉ።

በ1968 አይቢኤም ሲስተም 360 ሞዴል 85 የተባለውን ማሽን ሲያስተዋውቅ ሐሳቡ ለገበያ ወጣ። የማሽኑ ፕሮሰሰር በ80 ናኖሰከንድ ይመታል፤ ዋናው ሚሞሪ ደግሞ አንድ ዙር ለመጨረስ አንድ ሺህ ናኖሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። በመካከላቸው ከ16 እስከ 32 ኪሎባይት የምትይዝ ፈጣን ሚሞሪ አስገቡ። መሐንዲሶቹ "ከፍተኛ ፍጥነት ያለው ማቆያ" በሚል ደረቅ ስም ነበር የሚጠሯት። ስለ ማሽኑ የሚናገረው ጽሑፍ በድርጅቱ መጽሔት ላይ ሊወጣ ሲል የተሻለ ስም እንዲፈለግ የገፋፋው የመጽሔቱ አዘጋጅ ነው ይባላል፤ "ካሽ" የሚለው ቃል ገባ። የዓለም መሐንዲስ ሁሉ ዛሬ የሚጠራበትን ቃል ያስገባው የኛ ሙያ ሰው ነው ማለት ነው። (ይህን ለጓደኛዬ በመንገሬ ያገኘሁትን ደስታ አልደብቅም።)

ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መደበቂያ ማለት ነው፤ ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ስለማያያት ተስማሚ ስም ነው። በእኛ አገር "ካሽ" ሲባል የሚታሰበው ጥሬ ገንዘብ ነው። ሁለቱ ቃላት ዝምድና የላቸውም፤ ቢሆንም ምሳሌው ይሠራል። ኪስ ውስጥ ያለ ብርና ባንክ ያለ ብር ብር መሆናቸው አንድ ነው። ባንክ ያለው ብዙ ነው፣ ግን ሰልፍ አለው።

ካሽ የሚያሳጥረው ጊዜ ምን ያህል ነው? ጓደኛዬ በናፕኪን ላይ ያሳየኝን ስሌት እነሆ። ካሽ ውስጥ የተገኘ ነገር 1 ናኖሰከንድ፣ ያልተገኘ 100 ናኖሰከንድ ይፍጅ። ከመቶ ንባብ 97ቱ ካሽ ውስጥ ከተገኘ አማካዩ 4 ናኖሰከንድ ያህል ነው። 99ኙ ከተገኘ 2 ናኖሰከንድ ይሆናል። እንግዲህ ከ97 ወደ 99 ማደግ ለእኛ የፈተና ውጤት ያው ኤ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የመጠበቂያ ጊዜውን በግማሽ ይቀንስለታል።

ነገሩ የሚሠራው ፕሮግራሞች እንደ ሰው ልማደኞች ስለሆኑ ነው። አሁን የነኩትን ነገር ቆይተው እንደገና ይነኩታል፤ ከእሱ አጠገብ ያለውንም ይነኩታል። ስለዚህ ካሽ አንድ ነገር ሲያመጣ ብቻውን አያመጣም። በብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ላይ 64 ባይት አንድ ላይ ታፍሶ ይመጣል። ይህንን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ስል ጓደኛዬ አንድ ሙከራ አሳየኝ። ፎቶግራፍ ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጠው ረድፍ በረድፍ ነው። ስፋቱ 4,000፣ ቁመቱ 3,000 ነጥብ የሆነ ፎቶ ወሰድን፤ እያንዳንዷ ነጥብ 4 ባይት ናት። ወደ ጎን እያነበብን ብንሄድ አንዴ በታፈሰው 64 ባይት ውስጥ 16 ነጥቦች አሉ፤ የመጀመሪያዋን ከጠበቅን አሥራ አምስቱ በነጻ ናቸው። ከላይ ወደ ታች ብንወርድ ግን እያንዳንዷ እርምጃ አዲስ 64 ባይት ትጠይቃለች። ወደ ቀጣዩ ዓምድ እስክንመለስ 3,000 ጊዜ ታፍሷል፤ ይህም 192,000 ባይት ነው። የመጀመሪያዋ ካሽ 32 ኪሎባይት ብቻ ከሆነች ያመጣነው ሁሉ ሳንጠቀምበት ተገፍቶ ወጥቷል። ሁለቱን ፕሮግራሞች መቶ መቶ ጊዜ አስሮጣቸው። ከላይ ወደ ታች የሚሄደው ወደ ኋላ መቅረቱ በግልጽ ታየ። ሥራው ያው፣ ቁጥሩ ያው፣ ውጤቱ ያው። የተለወጠው የሁለት መስመሮች ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ጋዜጣን ዓምድ ዓምዱን ትቶ በገጹ ወርድ ለማንበብ እንደ መሞከር ነው።

ዛሬ ካሽ አንድ ብቻ አይደለችም። ትንሿ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ፣ መካከለኛዋ ቀጥላ፣ ትልቋ ከሁለቱ በኋላ ተደርድረዋል። ኤኤምዲ በ2022 ባወጣው አንድ ፕሮሰሰር ላይ ቦታ ሲጠበው ፎቅ ሠርቶ፣ ተጨማሪ ካሽ ከላይ ጭኖ ሦስተኛዋን 96 ሜጋባይት አድርሷታል። ወደ ጎን ከመስፋት ወደ ላይ መውጣት መንገዱን ያሳጥራል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ብልሃት ግን ድፍረት የሚጠይቅ ነው፤ መገመት። ፕሮሰሰሩ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ካነበብክ አራተኛውን ሳትጠይቅ ያመጣልሃል። ይህ ምንም አይደለም። ትልቁ ግምት ሌላ ነው። ፕሮግራሙ "እንዲህ ከሆነ በዚህ ሂድ፣ ካልሆነ በዚያ" ይላል፤ መልሱ ግን ያለው ሚሞሪ ውስጥ ነው፤ አንድ ደቂቃ ተኩል ያስጠብቃል። ፕሮሰሰሩ ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ ይልቅ ከልምዱ ተነሥቶ "በዚህ ይሆናል" ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ግምቱ ልክ ከሆነ አተረፈ። ካልሆነ የሠራውን ሁሉ ደምስሶ ይመለሳል፤ ምንም እንዳልተፈጠረ።

"ምንም እንዳልተፈጠረ" የሚለው ግን እውነት አልነበረም። በጃንዋሪ 2018 ስፔክተርና ሜልትዳውን የተባሉ ሁለት ክፍተቶች ይፋ ሆኑ። ካገኟቸው መካከል የጉግል ባልደረባ የነበረው ያን ሆርን፣ ፖል ኮከርና የኦስትሪያው ግራዝ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይገኙበታል። ነገሩ ወዲህ ነው። ፕሮሰሰሩ "ይህ ሰው ይህን ምስጢር ማየት ይፈቀድለታል?" ለሚለው ጥያቄ መልሱን ሲጠብቅ በግምት "ይፈቀድለታል" ብሎ ምስጢሩን አንብቦ ይቀጥላል። መልሱ "አይፈቀድም" ሲል የሠራውን ይደመስሳል። በዚያች ቅጽበት ወደ ካሽ የገባው ነገር ግን ካሽ ውስጥ ይቀራል። ሰላዩ ካሹን ማየት አይችልም፤ ሰዓት መያዝ ግን ይችላል። አንድ በአንድ እየጠየቀ የትኛው በአንድ ናኖሰከንድ፣ የትኛው በመቶ እንደመጣ ይለካል። ቶሎ የመጣው ምስጢሩ የት እንደነበር ይነግረዋል። መጽሐፍት ቤቱ መስኮት ላይ ሄጄ አንድ መጽሐፍ ስጠይቅ ወዲያው ከተሰጠኝ ከእኔ በፊት እሱን ያነበበ ሰው እንዳለ እንደማውቀው መሆኑ ነው። ሠራተኛው የማንንም ስም አልነገሩኝም፤ ፍጥነታቸው ነገረኝ።

እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ነው ርእሱ የኮምፒውተር ሰዎች ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። የመረጃ ምንጭን መጠበቅ በሚለው ትምህርታችን ስለ ማስታወሻ ደብተር፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ይለፍ ቃል ተነጋግረናል። ኮምፒውተሩ ቶሎ መልስ መስጠቱ ራሱ ወሬ ሊያወጣ እንደሚችል ግን ማን ያስባል? ስፔክተር የኢንቴልን፣ የኤኤምዲንና የአርምን ፕሮሰሰሮች ይነካ ነበር፤ ላፕቶፕም ስልክም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የኢንተርኔት ማሰሻዎች ድረ ገጾች የሚያዩትን ሰዓት ሆን ብለው አደበዘዙት፤ ሰላዩ ናኖሰከንድ እንዳይለካ። የፕሮግራም ማስተካከያዎችም ወጡ፤ አንዳንዶቹ ማሽኑን በመጠኑ ያዘገዩታል። በቀጣዮቹ ዓመታት በአዳዲስ ፕሮሰሰሮች ላይ የአሠራር ለውጥ ቢደረግም ተመሳሳይ ክፍተቶች መገኘታቸው አልቆመም፤ ግምቱን ጨርሶ መተው ማለት ወደዚያ ሁሉ መጠበቅ መመለስ ነውና።

የእኔ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ አንጻር ቀላል ነበር። በዚያ ኮምፒውተር ላይ የነበረው ራም 2 ጊጋባይት ብቻ ነው። ሦስት ቃለ መጠይቅ፣ የገበያ ድምፅ፣ ከኋላ ተከፍቶ የተረሳ ማሰሻ ሲደራረቡበት ሞላ። ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ሃርድ ዲስክ ላይ ያሳድረዋል፤ ሲፈልገው ከዚያ ያመጣዋል፤ ለዚያ ቦታ እንዲለቅ ሌላውን ይወስዳል። እያንዳንዱ ምልልስ አንድ ሴሚስተር። ካሽም ግምትም ይህን አያድኑትም።

ቴክኒሻኑ በሁለተኛው ሳምንት ከተበላሸ ኮምፒውተር ላይ አንድ ባለ 4 ጊጋባይት ራም ነቅለው ጨመሩበት። ያንኑ ዝግጅት ከፈትኩት፤ ሦስቱንም ድምፅ አንድ ላይ አስኬድኩ። ቆሎው አልተሰማም። ባለማስረከቤ የተቀነሰብኝ ነጥብ ግን እንደተቀነሰ ነው።